እየተጨዋወቱ ማንበብ፦ "አነብለታለሁ፣ ግን አያወራም" ለሚሉ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

"በየማታው አነብለታለሁ፤ እሱ ግን ምንም አይልም።" ይሄን የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። እንዴት እንደሚያነብ ቁጭ ብዬ ሳይ ችግሩ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዱ ወላጅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳይቆም ያነበንባል፤ ልጁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተነስቶ ይሄዳል። ሌላው "ይሄ ምንድነው? ይሄስ? ቀለሙስ?" እያለ ያፋጥጠዋል፤ ልጁ ፈተና የተቀመጠ ይመስለውና አፉን ይዘጋል።

እዚህ የምታገኙት አካሄድ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። አጥኚዎች ዳያሎጂክ ሪዲንግ ይሉታል፤ እኛ እየተጨዋወቱ ማንበብ እንበለው። ግቡ አንድ ነው፦ በሳምንቱ መጨረሻ መጽሐፉን ልጁ ይተርክላችኋል፣ እናንተ ታዳምጣላችሁ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት መነሻው ነው። ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 35 ወር የሆኑ ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ለሁለት ከፈሉ። ሁለቱም ወገኖች በቤታቸው ለአንድ ወር አነበቡ። ልዩነቱ የአነባበቡ መንገድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ወገን እየተጨዋወተ አነበበ፣ ሌላው እንደወትሮው። በወሩ መጨረሻ በተሰጠው የንግግር ፈተና፣ አነባበባቸውን የቀየሩት ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ በብዙ ወራት ቀድመው ተገኙ። ስለዚህ "ስንት መጽሐፍ አነበብኩለት?" የሚለውን ለጊዜው ተዉት።

ደረጃ 1፦ መጽሐፉን ምረጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር የሚሸነፈው በመጽሐፉ ነው።

1. በአንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ የሚታይበትን ውሰዱ። በእንግሊዝ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሦስት ዓመት ተኩል ልጆች ጋር ሲሞክሩት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሥዕል ሲኖር ልጆቹ አዲሱ ቃል የየትኛው ሥዕል እንደሆነ ይጠፋባቸው ነበር። ቤት ያላችሁ መጽሐፍ እንደዚያ ከሆነ አትጣሉት። ከማንበባችሁ በፊት እጃችሁን ትክክለኛው ሥዕል ላይ ጠረግ አድርጋችሁ አሳዩት። ይሄም እንደሚረዳ እዚያው ጥናት ላይ ታይቷል።

2. ሥዕሉ ውስጥ የሆነ ነገር እየተደረገ ይሁን። የሚሮጥ፣ የሚወድቅ፣ የሚደበቅ ነገር ይኑረው። ቁጭ ያለ ኳስ ብቻ ያለበት ገጽ "ኳስ" ከማለት በላይ ወሬ አይወጣውም።

3. የሚገለጥ መስኮት፣ ብቅ የሚል ወረቀት ወይም የሚጮህ ቁልፍ ያለበት ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የልጁ እጅ በመክፈትና በመዝጋት ይጠመድና ጆሮው ይቀራል።

4. ጽሑፉ በገጽ ከሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ጭራሽ ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍም ይሆናል። ማንበብ የማይችል አያት ወይም ሞግዚት ካለ እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል።

5. ለሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያዙ። የሦስት ዓመት ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ልጆች እነዚያኑ አዳዲስ ቃላት በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ከሰሙት የበለጠ ቃል ይዘው ተገኝተዋል። ቃሉ ለሁለቱም እኩል ጊዜ ነው የተነገረው። ልጁ "ያንኑ ደግመሽ አንብቢልኝ" ሲል ምን እንደሚያስፈልገው እያወቀ ነው።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡት

አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጽሐፉን ግለጡና ልጁ ገና የማይላቸውን፣ ነገ ግን ሊጠቀምባቸው የሚችላቸውን ሦስት ቃላት ምረጡ። በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከሽፋኑ ውስጥ አስቀምጡ።

የኔ ምክር፦ ከሦስቱ ሁለቱ ግስ ይሁኑ። የዕቃና የእንስሳ ስም ማንም ያስተምረዋል። "ተንጠለጠለ"፣ "አራገፈ"፣ "አጮለቀ" የሚሉትን ግን የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው። ግስ ያለው ልጅ ደግሞ ዓረፍተ ነገር መሥራት ይጀምራል።

መጽሐፉ እናንተ እንደልባችሁ በማትናገሩት ቋንቋ ከተጻፈ ጽሑፉን እርሱት። ሥዕሉን እያያችሁ አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ ተርኩት። ልጅ የሚጠቀመው ቋንቋው ሞልቶ ከሚፈስለት ሰው ነው። በተሰባበረ ቋንቋ ከማንበብ በራስ ቋንቋ መተረክ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ቦታና ሰዓት

ቴሌቪዥን ይጥፋ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ዓይናችሁ ይሰረቃል። አሥር ደቂቃ መድቡ። ልጁ ደክሞ ዓይኑን የሚያሽበት ሰዓት ለማስተኛት እንጂ ለማስወራት አይሆንም፤ ስለዚህ የማታው ንባብ እንዳለ ይቀጥልና ይሄኛውን ነቃ ባለበት ሰዓት አድርጉት።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጁን ጭናችሁ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ካስቀመጣችሁት ዓይኑ የት እንደሄደ አታዩም። ጎን ለጎን ወይም ትንሽ ዘወር ብላችሁ ተቀመጡ። ፊቱንም መጽሐፉንም እኩል ማየት አለባችሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቶማሴሎና ፋራር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሥራ፣ ልጅ ራሱ እያየው ያለውን ነገር ስትጠሩለት ቃሉን በደንብ ይይዛል። ዓይኑን ከያዘው ነገር ነጥቃችሁ ወደ ሌላ ስታዞሩት ግን ቃሉ ይንሸራተታል። የሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ እዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ይሄን ከማወቄ በፊት ልጄ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር። የማነብላት መጽሐፍ ታሪክ ዝናብ ስለያዘው ልጅና ስለ ውሻው ነው። እሷ ግን በየማታው ገጹ ጥግ ላይ ቅጠል ሥር ያለች ቀንድ አውጣ ላይ ጣቷን ትተክል ነበር። ወረቀቱ ላይ የጥፍሯ ምልክት እስኪቀር ትጫነዋለች። እኔ ደግሞ "ውሻውን እይው፣ ውሻውን" እያልኩ ጣቷን አነሳለሁ። አራት ማታ እንዲህ ታገልን። በአምስተኛው ተውኩትና "እሷ ምን ይዛለች?" አልኳት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ "ቤቷን አዝላለች" አለችኝ። በዚያ መጽሐፍ ላይ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ቀን 1፣ ታሪኩን ስጡት

በመጀመሪያው ቀን ጥያቄ አታብዙ። ልጁ የማያውቀውን ታሪክ ሊያወራላችሁ አይችልም።

1. ሽፋኑን አሳዩትና ርዕሱን አንብቡለት።
2. ገጹን ስትገልጡ ወዲያው ማንበብ አትጀምሩ። ሥዕሉን በዓይኑ እስኪዞር ሁለት ሦስት ሰከንድ ስጡት።
3. በዝግታ አንብቡ። የመረጣችኋቸው ሦስት ቃላት ጋ ስትደርሱ ሥዕሉን ነክታችሁ ቃሉን አንድ ጊዜ ድገሙት። "አራገፈ። አየህ? ውሃውን አራገፈ።" ከተቻለ በሰውነታችሁ አሳዩት፤ ራሳችሁን ነቅነቅ አድርጉ።
4. ልጁ ራሱ የሆነ ነገር ካለ ቁሙና መልሱለት። ታሪኩ ቢቋረጥ ምንም አይደለም።

ደረጃ 5፦ ቀን 2 እና 3፣ አራቱ እርምጃዎች

ሥራው ያለው እዚህ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ዙር ብቻ አድርጉ። ዙሩ አራት እርምጃ አለው፦ ጠይቁ፣ መልሱን ተቀበሉ፣ አስፉት፣ አስደግሙት። ሲሠራ ይሄን ይመስላል፦

እናንተ፦ "እዚህ ጋ ማን አለ?"
ልጅ፦ "ውሻ!"
እናንተ፦ "አዎ፣ ውሻ። የበሰበሰ ውሻ። ምን እያደረገ ነው?"
(ዝምታ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ።)
ልጅ፦ "ውሃ።"
እናንተ፦ "ልክ ነህ፣ ውሃውን እያራገፈ ነው። ውሻው ውሃውን..."
ልጅ፦ "እያራገፈ።"
እናንተ፦ "እያራገፈ ነው!" (ገጹን ግለጡ።)

አሁን እያንዳንዱን፣ በመካከል ካለው መጠበቅ ጋር፣ ለየብቻ እንየው።

መጠየቅ። "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ አትጠይቁ። "ይሄ ውሻ ነው?" ካላችሁት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ማን፣ ምን፣ የት ብላችሁ ጀምሩ። ልጁ ትንሽ ከሆነ "የትኛው ነው?" ብላችሁ በጣቱ እንዲያሳይ መጀመርም ይቻላል፤ ጣትም መልስ ነው።

መጠበቅ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ መምህራንን ስትከታተል፣ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያስረዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ። እነዚያ ተማሪዎች ናቸው። የሁለት ዓመት ልጅ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ሥዕሉን አይቶ፣ ቃሉን ፈልጎ፣ ምላሱን ማንቀሳቀስ አለበት። አምስት ሰከንድ ስትጠብቁ ይረዝምባችኋል፣ ያስጨንቃችኋል። ቻሉት። ስትጠብቁ ዓይኑን በፈገግታ እዩት፤ ጥያቄውን አትድገሙበት።

መቀበል። "አዎ"፣ "ልክ ነህ" በሉና እሱ ያለውን ቃል ራሱን መልሳችሁ በሉለት። "ጎበዝ!" እያሉ በየገጹ ማጨብጨብ ግን ወሬውን ወደ ውድድር ይለውጠዋል።

ማስፋት። እሱ ባለው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ጨምሩ። "ውሻ" ካለ "የበሰበሰ ውሻ"። "ውሻ ሄደ" ካለ "ውሻው ወደ ቤት ሄደ"። አንድ ቃል ለተናገረ ልጅ የአሥር ቃል ዓረፍተ ነገር ብትመልሱለት ከየት ይዞ ይድገመው?

ማስደገም። "በል ድገም" አትበሉ። ዓረፍተ ነገሩን ጀምራችሁ መጨረሻውን ተዉለት። ካልሞላው ራሳችሁ ሙሉትና እለፉ።

ደረጃ 6፦ ቀን 4 እና 5፣ ጥያቄውን ክፈቱት

አሁን ታሪኩን ያውቀዋል። "ይሄ ምንድነው?" ማለት አቁሙ፤ የሚያውቀውን እየጠየቃችሁት ስለሆነ ይሰለቸዋል። እነዚህን ተጠቀሙ፦

1. "እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው?" የሚለውን ሁልጊዜ አስቀድሙ። ያየውን ራሱ ይመርጣል።
2. "ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር?" ገጹን ሳትገልጡ ጠይቁት።
3. "ለምን ተደበቀ?" ይሄ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ "ለምን" ገና ይከብደዋል።
4. "አንተስ ዝናብ ሲይዝህ ምን አደረግክ?" ይሄኛው ከሁሉም የበለጠ ወሬ ያወጣል፤ ከመጽሐፉ ወደ ራሱ ሕይወት ያሻግረዋል። ግን በአንድ ንባብ አንድ ሁለቴ ይበቃል፤ ካበዛችሁት ታሪኩ ይበተናል።

አራቱን እርምጃዎች አትርሷቸው። ጥያቄው ቢቀየርም መጠበቁና ማስፋቱ ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ ቀን 6 እና 7፣ መጽሐፉን አስረክቡት

መጽሐፉን በእጁ ስጡትና "ዛሬ አንተ ንገረኝ" በሉት። ገጹን እሱ ይገልጣል። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ፣ ሁለት ገጽ ቢዘል፣ ከሌላ ታሪክ ቢቀላቅል አታርሙት። የእናንተ ሥራ "እሺ"፣ "ከዚያስ?" ማለት ብቻ ነው። ለእናንተ መተረክ ካፈረ ለአሻንጉሊቱ ወይም ለታናሹ ይተርክ።

ሦስቱን ቃላት ከመጽሐፉ ውጪም አምጧቸው። እጁን ታጥቦ ሲወጣ "አራግፈው!" በሉት። ቃል መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ከቀረ ይረሳል።

ማስጠንቀቂያ

በየገጹ አትጠይቁ። በአንድ ንባብ አምስት ስድስት ገጽ ላይ ይበቃል።

አነጋገሩን ፊት ለፊት አታርሙ። ልጁ "ዲናብ" ካለ "ዝናብ በል!" አትበሉት። "አዎ፣ ዝናብ። ብዙ ዝናብ" ብላችሁ ትክክለኛውን አሰሙት። "ውሻው መጣች" ካለም "አዎ፣ ውሻው መጣ" በሉና ቀጥሉ። ይሰማዋል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ያስተካክለዋል። ባወራ ቁጥር የሚታረም ልጅ ማውራቱን ይቀንሳል።

በቪዲዮ አትተኩት። ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ማንዳሪን ቻይንኛ አሰሙ። በአካል የተገኘ ሰው ሲያጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልቀሰሙም። ስክሪን ልጁ የት እያየ እንደሆነ አያውቅም፤ መልስም አይጠብቅም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ተነስቶ ይሄዳል። አትጎትቱት። የደረሳችሁበትን ገጽ ክፍት አድርጋችሁ ራሳችሁ ሥዕሉን እያያችሁ "ውይ፣ ይሄማ ወደቀ!" በሉ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ በቃ፣ ለዛሬ አለቀ። ነገ በሦስት ገጽ ጀምሩ።

ገጹን በፍጥነት ይገለብጣል። ጽሑፉን ተዉት። እሱ ባቆመበት ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ በሉ። የሚያቆመው የሚፈልገው ሥዕል ጋ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ከዚያ ገጽ ጀምሩ።

ጭራሽ አይመልስም። ለሦስት ቀን ጥያቄ አቁሙ። በምትኩ የምታዩትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ "እኔ የታየኝ ድመቷ ናት..." ከዚያ ዝም በሉ። ወይም እያወቃችሁ ተሳሳቱ፤ ዝሆኑን "ይሄ ድመት ነው" በሉ። ሊያርማችሁ የማይፈልግ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁሌ በአንድ ቃል ብቻ ይመልሳል። ጥያቄያችሁን ፈትሹ። "ምንድነው?" አንድ ቃል ነው የሚጠይቀው። "ምን እያደረገ ነው?" ወደሚለው ቀይሩት።

የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። መጀመሪያ የት እያየ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የመለሰው እናንተ ስላላያችሁት ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ልጆች አሉ፣ ትልቁ ሁሉንም ይመልሳል። ተራ ስጧቸው፤ ገጽ በገጽ። ካልሆነ ለትንሹ ብቻውን አምስት ደቂቃ ፈልጉለት።

አራት አምስት ዓመት ሞልቶት ፊደሉን ጭራሽ አያይም። አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። የዓይን እንቅስቃሴን የሚከታተል መሣሪያ የተጠቀሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሲነበብላቸው ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ ነው የሚውለው። ፊደል እንዲያስተውል ከፈለጋችሁ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ጣታችሁን ከቃሉ ሥር እያንሸራተታችሁ አንብቡ። ሁሉም ገጽ ላይ ግን አታድርጉት።

ለውጡን መዝግቡ

አንድ ደብተር ያዙ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በንባቡ ጊዜ ያወጣውን ረጅሙን አባባል ከነስህተቱ እንዳለ ጻፉት። ቀኑንና ዕድሜውን በወር ጨምሩ።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ጥንቃቄ አለ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች "ቃላቱን ቁጠሩ" ይላሉ። በኛ ቋንቋ ይሄ ያሳስታል። "ስጪኝ" ሲል የነበረ ልጅ "አልሰጠችኝም" ቢል በቁጥር ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ሁለተኛው ግን ማን እንዳደረገ፣ ለማን፣ ጊዜውንና እምቢታውን አንድ ላይ ይዟል። ትልቅ ዝላይ ነው። ስለዚህ ቃሉ ላይ ምን እንደተቀጠለም እዩ፦ "ውሻ" የነበረው "ውሻው" ሆነ? "የውሻው"ስ? "ሄደ" የነበረው "ሄዱ" ሆነ? ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ከሆነ የሁለቱንም ቃላት አንድ ላይ መዝግቡ፤ በአንዱ ብቻ ከለካችሁት ያለውን ግማሽ ትጥሉበታላችሁ።

ንባብ የማይፈታው ሲሆን

ልጁ 12 ወር ሞልቶት እንደ "ባባ"፣ "ዳዳ" ያሉ ድምፆችን ካላወጣ ወይም በጣቱ ካላመለከተና እጁን ካላወዛወዘ፣ 16 ወር ላይ አንድም ቃል ከሌለው፣ 24 ወር ላይ በራሱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ የነበረውን ቃል ማጣት ከጀመረ ባለሙያ ይየው። መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። በደንብ የሚሰማ የሚመስል ልጅ እንኳ ጆሮው ውስጥ በተጠራቀመ ፈሳሽ ምክንያት ድምፁ ሊታፈንበት ይችላል።

"ወንድ ልጅ ይዘገያል" ወይም "አባቱም እንዲሁ ነበር" እያላችሁ ስድስት ወር አትጠብቁ። ቀጠሮ እስኪደርስ ንባቡን ቀጥሉ፤ አይጎዳውም። ስትሄዱም ደብተሩን ያዙ። ምርመራ ክፍል ውስጥ ልጁ ዝም ሊል ይችላል፤ ቤት ያለውን ቃል በቃል የጻፋችሁበት ገጽ ያን ጊዜ ለባለሙያው ይጠቅመዋል።